ከመተማ በፊት ሰላም ይቻል ነበር? የሰሜን ሸዋ ልጆች ክርክር

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የማነሳው ስለ ጎረቤታችን ሱዳን ነው። አባቶቻችን ድርቡሽ ከሚሏቸው ማህዲስቶች ጋር የገባንበት፣ አፄ ዮሐንስም መተማ ላይ የወደቁበት ጦርነት የግድ ነበር? ወይስ በሰው ጠብ ገብተን ነው? ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ነገሩ የተበላሸው በዐድዋው ውል ነው። ግብፅ በ1868 ጉንደት ላይም ጉራ ላይም ተሸንፋለች። ቦጎስን፣ የዛሬውን የከረን አካባቢ፣ ግን አልለቀቀችም፤ ምፅዋም በእጇ ነበረች። ከዚያ በሱዳን የማህዲስቶቹ የሃይማኖት መሪ ማህዲው ተነሳና የግብፅን ጦር በየምሽጉ ከበበ። ይህን ጊዜ እንግሊዞች አፄ ዮሐንስን ፈለጉ። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዐድዋ ላይ ከአድሚራል ሂዌት ጋር ተፈራረሙ፤ የግብፅም ተወካይ ነበረ። በውሉ ቦጎስ ይመለሳል፤ በምፅዋ በኩል ዕቃ፣ መሣሪያም ጭምር፣ ያለ ቀረጥ ይገባል። በምላሹ ንጉሠ ነገሥቱ የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ይረዳሉ።

እርሳቸው ቃላቸውን ጠበቁ። የመተማው ጦር ሳይቀር ወጣ። ግን በስምንት ወር ውስጥ፣ ጥር 1877፣ ጣሊያን ምፅዋ ገባ። እንግሊዝ አልተቃወመችም፤ እንዲያውም ደስ ብሏት ነው ያየችው። ምፅዋ ላም አለኝ በሰማይ ሆነች። የማህዲው ጠብ ግን እኛ ዘንድ ቀረ። ትናንት ጠላታችን የነበረችውን ግብፅን አትርፈን፣ ከእኛ ጋር ገና ያልተጣላውን ጎረቤት አስቀየምን ባይ ነኝ።

ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እኛ ሸዋዎች የት ነበርን?

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ታሪክ የሚያስተምሩ ጋሼ ናቸው። እንደ ልማዳቸው በምስጋና ጀመሩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ጠመዘዙኝ። ነገሩን በዚያን ዕለት በነበሩት ሰው ዓይን እይ ነው የሚሉት። አፄ ዮሐንስ ሁለት ጊዜ ድል አድርገው በድርድር ምንም አላገኙም ነበር። ሂዌት ያመጣው ወረቀት ቦጎስን ያለ ጥይት መለሰላቸው። የመሣሪያ መንገድም ከፈተ። ጣሊያን እንደሚመጣ ውሉ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ የተታለለ ሰው ሞኝ አይባልም አሉ። ይህን እቀበላለሁ። እኔም ሞኝ ናቸው አላልኩም።

መልስ 2

ይህኛው በቀጥታ ወደ እርምት ነው የገባው። ከውሉ እስከ መተማ አምስት ዓመት ገደማ አለ፤ አንተ ግን በአንድ ትንፋሽ ዘለልከው አለኝ። እየቆጠረ አስቀመጠው። ማህዲው ለአፄ ዮሐንስ ደብዳቤ ልኮ እስልምናን እንዲቀበሉ ጠይቋል። ሰኔ 1877 ማህዲው ሞተና ኸሊፋ አብዱላሂ ተተካ። ሐምሌ ላይ የግብፅ ጦር የተከበበባት ከሰላ ወደቀች። ራስ አሉላ ሲደርሱ ለከሰላ መሽቷል። ቢሆንም መስከረም 1878 ኩፊት ላይ የማህዲስቶቹን አለቃ የኡስማን ዲግናን ጦር ክፉኛ መቱ። ውሉ ከሌለ አሉላ ኩፊት ምን ያደርጋሉ? እዚህ ላይ እንግዲህ ሊያርመኝ መጥቶ ረዳኝ።

መልስ 3

ቀጥሉ፣ እየተከታተልኩ ነው የሚል ብቻ።

መልስ 4

የመንዝ ሰው ነው። የቤተሰቡን ወሬ አመጣ። የአያቱ አባት በ1880 ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ወደ በጌምድር ዘምተዋል። የሄዱት ድርቡሽን ሊወጉ ነው። ሲደርሱ ግን የሚወጋ ሰው የለም። የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን አይተው ተመለሱ። ሽማግሌው ስለዚያ ዘመቻ ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ ረሃቡና ስለ ብርዱ ነበር። አያቱ ደግሞ ልጅ ሲያስቸግር ድርቡሽ መጣልህ ይሉ ነበር።

ወሬው ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። ጥር 1880 የኸሊፋው የጦር አለቃ ሐምዳን አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ አሸነፈ። ጎንደር ገብቶም ዘረፈ፣ አቃጠለ። አፄ ዮሐንስ በዚያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ሰሐጢ፣ ወደ ጣሊያን አዙረዋል። በጌምድርን እንዲጠብቁ የታዘዙት ምኒልክ ሲደርሱ አቡ አንጃ ወጥቷል።

መልስ 5

ከዚህ በኋላ ነው የክሩ ድምፅ የተለወጠው። አምስተኛው ሰው የመንዙን ልጅ ቅድመ አያት አልነካም፤ ንጉሡን ግን አልማረም። ዘግይቶ መድረስ የአጋጣሚ አይደለም አለ። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው የጥቅምት 1880ን ስምምነት ነው። ምኒልክ ከጣሊያኑ አንቶኔሊ ጋር ተስማምተው 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ሊቀበሉ፣ በምላሹም ጣሊያንና አፄ ዮሐንስ ሲጣሉ ገለልተኛ ሊሆኑ። ዶጋሊ ላይ ከጣሊያን ጋር ደም ከፈሰሰ ዓመት እንኳ አልሞላም። ይህን ምን ትሉታላችሁ ብሎ ጠየቀና፣ ሸዋ ያን ጊዜ የት እንደነበረ ለጠየቅከው መልሱ ገበያ ነበረ የሚል ነው ብሎ ዘጋ።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ብዙ ሰው አስቆጣች።

መልስ 6

መላሹ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ተናዷል። ክርክሩ ግን ጥሩ ነው። ልቼን ረሳኸው ወይ አለው። ልቼ እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። መጋቢት 1870 ምኒልክ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ለአፄ ዮሐንስ የገበሩት እዚያ ነው። ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ተዉ። ግብር ሊከፍሉ፣ ሚሲዮናውያንንም ከአገራቸው ሊያስወጡ ተስማሙ። ከዚያ በ1874 እምባቦ ላይ ተክለ ሃይማኖትን ቢያሸንፉ፣ ዮሐንስ ተቆጥተው ወሎን ከእጃቸው ወስደው ለልጃቸው ለራስ አርአያ ሥላሴ ሰጡ። እንዲህ ያለ ንጉሥ ለበላዩ ብሎ ይሞታል ወይ ነው ጥያቄው። ምኒልክ በዚያው ሰሞን ጣሊያንና ዮሐንስን ላስታርቅ ማለታቸውንም አስታወሰ። አስታራቂነቱ ከልብ ነበረ አልነበረም ሌላ ጉዳይ ነው።

መልስ 7 እስከ 11

እዚህ ላይ ክሩ መንገዱን ሳተ። አንዱ ጠመንጃው ውጅግራ ነው አለ። ሌላው በስምምነቱ ያለው ሬሚንግተን ነው ብሎ አረመው። ሦስተኛው ቤታችን የተሰቀለ ስናድር አለ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ልቼ በእግር ስንት ሰዓት ያስኬዳል ተባለ። ከዚያ የደብረ ብርሃን ብርድ መጣ። ብርድ ከመጣ አረቄ አይቀርም፤ መጣ። ሁሉንም አልዘረዝርም። አሥራ አንደኛው ሰው ብቻ እናንተ ሰዎች አፄ ዮሐንስን መተማ በር ላይ አቁማችሁ አረቄ ትቀዳላችሁ ብሎ ስለ ሰደባችሁ፣ ወደ ነገራችን ተመለስን።

መልስ 12

ከክሩ ሁሉ እኔ የወደድኩት ይህን ነው። ጸሐፊው የአንኮበር ሰው ነው። ክህደት ነው አይደለም የሚለውን ጭቅጭቅ ወደ ጎን ትቶ ካርታ አውጡ አለ።

አንኮበር ላይ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ስታይ ቆላው ከታች ተዘርግቶ ይታይሃል። ነጋዴው ከአልዩ አምባ ገበያ ተነስቶ በአፋር በኩል ወደ ታጁራ ይወርዳል። የሸዋ በር ያ ነው። በኋላም አሰብ ተጨመረ። ጨርቁም፣ ጠመንጃውም፣ ፈረንጁም በዚያ ይመጣል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም በ1830ዎቹ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መልእክተኞች ጋር የተዋዋሉት በዚያ በር የመጡትን ተቀብለው ነው። ጣሊያኖች ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ቦታ ተሰጥቷቸው የተቀመጡትም በምኒልክ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለሸዋ ጎረቤት ማለት የአውሳው ሱልጣን ነው፣ ሐረር ናት፣ ታጁራ ናት። ለአፄ ዮሐንስ ደግሞ ጎረቤት ማለት ምፅዋ ላይ የተቀመጠውና መተማ ላይ የመጣው ነው። ሁለቱ ነገሥታት አንድ ዘውድ ሥር ናቸው፤ የሚያዩት ጎረቤት ግን አንድ አይደለም። የውጭ ጉዳያቸውም አንድ ሊሆን አልቻለም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የአምስተኛውና የስድስተኛው ጭቅጭቅ ትንሽ ቀለለብኝ።

መልስ 13

የምንጃር ልጅ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ መተማ እየሄደ ሠርቷል። ከተማዋ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። እዚያ ሲኖር ያየው ነገር ሰው ድንበሩን ተሻግሮ እየገዛና እየሸጠ በሰላም መኖሩን ነው። ዱሮም እንዲሁ ነበር ይላል። መተማ የተክሩሮች ከተማ ነበረች። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወጥተው በዚያው የቀሩ ሕዝቦች ናቸው። ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡ፣ ፈረሱ በእነሱ ገበያ ያልፋል። ሹሞቻቸው ለኢትዮጵያም ለግብፅም እየገበሩ ለሁለት ጌታ ማደር ያውቁበት ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የጦርነቱ ምክንያት የዐድዋው ወረቀት ሳይሆን የድንበሩ ወረራ ነው አለ። የመተማው የማህዲስት አሚር ወደ እኛ ተሻግሮ ገዳም አቃጠለ፤ ማኅበረ ሥላሴን ጭምር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጥር 1879 መተማን መቱ፤ አሚሩም ተገደለ። ኸሊፋው ብድሩን ለመመለስ ሠራዊት ላከ። ጎንደር የተቃጠለችው በዚህ ሰንሰለት ነው። ሂዌት የት አለበት ብሎ ጠየቀኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴን በዚያው ሰጥቻለሁ። ወረራው ጠቡን አጋጋለው እንጂ አልጀመረውም። የመተማው የግብፅ ጦር በእኛ እርዳታ ሲወጣ ያየ አሚር፣ እኛን የግብፅ ወዳጅ አድርጎ ቢቆጥረን አይፈረድበትም።

መልስ 14

አረብኛ የሚያነብ ሰው ነው፤ ከሸዋ ሮቢት። ሁላችሁም የምትከራከሩት ስለ ሁለት የእኛ ነገሥታት ነው፣ ኸሊፋውስ ምን ያስብ ነበር አለ። በእስልምና ትውፊት ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው የሚል ትርጉም ያለው ሐዲስ አለ። የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች ነጃሺ ስለተቀበላቸው የመጣ ክብር ነው። ይህ ነገር በኸሊፋው ዋና ከተማ በኦምዱርማን ክርክር አስነስቷል። ኸሊፋው ሐበሻ ላይ ለመዝመት ሃይማኖታዊ ፈቃድ መፈለግ ነበረበት። ወረራውና መልሶ ወረራው ያን ፈቃድ ሰጠው።

ሌላም ጨመረ። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። እምቢ ያሉ ተነሱ፤ ከነሱ ሼህ ጠልሃ ከማህዲስቶች ጋር ይላላኩ ነበር። የውጭ ጉዳይ ከውስጥ ጉዳይ ተለይቶ አይታይም ነው ነገሩ።

መልስ 15 እስከ 17

ቦሩ ሜዳ ሲነሳ ክሩ ጋለ። አሥራ አምስተኛው ሰው የጎንደር ካህናት ሲታረዱ ለምን አታነሳም ብሎ ጮኸ። አሥራ ስድስተኛዋ እህታችን በልዝብ ቃል ገባች። እናቷ የወሎ፣ አባቷ የይፋት ናቸው። በቤታቸው ሁለቱም ታሪክ ይነገራል፤ ማንም ማንንም አይጮህበትም። ጎንደር መቃጠሉ ቦሩ ሜዳን አይሰርዘውም፤ ቦሩ ሜዳም ጎንደርን። አሥራ ሰባተኛውን መልስ የቡድኑ አስተዳዳሪ አጥፍቶታል። ማጥፋቱ ልክ ነው፤ አይቼዋለሁ።

መልስ 18

ጋሼ መምህሩ ተመለሱ። የጠቡን ልብ የያዘው ነገር እስካሁን አልተነሳም አሉ። ታኅሣሥ 1881 አፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ጻፉ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ሰላም ነው። እኛና እናንተ ስንዋጋ የሚያልቀው ድኻው ነው። ፈረንጅ የሁለታችንም ጠላት ነው፤ እኔን ቢያሸንፍ እናንተን አይምርም። ስለዚህ እንተባበር፣ ነጋዴውም ይመላለስ። አቡ አንጃ የመለሰው ስድብ ነው። ካልሰለምክ ሰላም የለም አለ። ጥቂት ቆይቶም ጥር ላይ ሞተ። በሱ ቦታ ዘኪ ጦመል ተሾመ።

ሰላም ይቻል ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም አሉ ጋሼ። አንደኛው ወገን ጠየቀ፤ ሌላው እምቢ አለ።

መልስ 19 እና 20

አምስተኛው ሰውዬ ነው እንደገና። በዚህ ጊዜ ከጋሼ ጋር ለመከራከር አንቱ እያለ መጣ። ደብዳቤው የሰላም ሳይሆን የጊዜ መግዣ ነው ባይ ነው። በ1880 ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት በአፄ ዮሐንስ ላይ ተስማሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ጎጃም ወርደው አገሩን አጠፉ። ቀጥሎ ሸዋ ነው። ከኋላቸው ድርቡሽ እንዳይመጣባቸው ነው የጻፉት ይላል። ጋሼ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል ብለው መለሱ። ንጉሥ ጀርባውን ለመጠበቅም ሰላም ይፈልጋል፤ ሰላሙ ውሸት አያሰኘውም።

እኔ ወደ ጋሼ አጋድላለሁ። ምክንያቴ በኋላ የሆነው ነው። ሸዋ ወይስ መተማ የሚለው ምርጫ ሲመጣ የመረጡት መተማን ነው። ለማታለል የጻፈ ሰው ወደ ሸዋ ይዞር ነበር። ግን ጎንደር ተቃጥላለች፤ አንድ የክርስቲያን ንጉሥ ያንን አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይችልም። መጋቢት 1 ቀን 1881 መተማ ላይ ድል ወደ እኛ እያዘነበለ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ቆሰሉ፤ በማግስቱ አረፉ። ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ፣ ሚያዝያ 25፣ የውጫሌ ውል ተፈረመ።

መልስ 21

የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ ሁለተኛውን ጥያቄዬን ያነሳው እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሸዋ ድርቡሽን አልወጋም የሚለው ውሸት ነው አለ። ጥቅምት 1881 ራስ ጎበና ወለጋ ውስጥ ጉቴ ዲሊ ላይ የማህዲስቶችን ጦር አሸንፈዋል። የሸዋ ጦር ነው። መተማ አልነበረም ማለት ድርቡሽን አልገጠመም ማለት አይደለም። ሁላችንም መተማን ብቻ ስለምናይ ጉቴ ዲሊን ዘለልነው። አምስተኛው ሰውዬ ይህችን በዝምታ አለፋት።

መልስ 22

መልስ 2ን የጻፈው ልጅ ነው። ከመተማ በኋላ ያለውን አመጣ። ድል አድርጎም ኸሊፋው ወደ ውስጥ አልገፋም። ሱዳን በረሃብ ተመታች። እኛም ክፉ ቀን ላይ ነበርን፤ ከብቱ አልቆ ገበሬው በእጁ የቆፈረበት ዘመን ነው። ሁለቱ ጎረቤቶች የሚዋጉበት አቅም አልቀራቸውም። ከዐድዋ ድል በኋላ ምኒልክ ወደ ኦምዱርማን መልእክተኛ ላኩ። ኸሊፋው መጀመሪያ ተጠራጠረ፤ ነጭ ወደ አገርህ አታስገባ የሚል ነበር ቅድመ ሁኔታው። ቢሆንም ደብዳቤው ቀጠለ። ግንቦት 1889 የእንግሊዙ ሮድ አዲስ አበባ መጥቶ ሲዋዋል፣ ምኒልክ ማህዲስቶች ጠላቶቼ ናቸው፣ መሣሪያም በአገሬ አላሳልፍላቸውም ብለው ፈረሙ። ከኦምዱርማን ጋር ያላቸውን ደብዳቤ ግን አላቋረጡም።

ልጁ እዚህ ላይ አስተያየት አልሰጠም። እኔ ልስጥ። የዐድዋው ውል የጎደለው ይህ ነው። አፄ ዮሐንስ በእንግሊዝ ወረቀት ላይ የፈረሙትን በተግባር ፈጸሙት፤ ጦር አዝምተው፣ ደም አፍስሰው። ምኒልክ ፈረሙና ጎረቤታቸውን አልነኩም። የመጀመሪያው ሐቀኛ ነው፤ ሁለተኛው ለአገር ይበጃል።

መልስ 23

አምስተኛው ሰውዬ አንድ ብቻ ጠየቀኝ። በ1889 እንግሊዝን መሸንገል ብልህነት ከሆነ፣ በ1880 የራስን ንጉሠ ነገሥት መሸንገልስ? አይ፣ ያኛው ሌላ ነው ብዬ መለስኩለት። እንግሊዝ የባዕድ አገር ናት፤ የዮሐንስ ጦር ከተሸነፈ ግን የሚከፈተው የሸዋም በር ነው። ውጫሌም ዐድዋም የመጡት በዚያው በር ነው። እሱም ታዲያ እስከ ዛሬ ስንነታረክ ከእኔ ጋር ነበርካ ብሎ ሳቀብኝ። አልነበርኩም። ገበያ ነበረ ያላትን ቃል አሁንም አልቀበልለትም፤ ጉቴ ዲሊ አለ።

መልስ 24 እና ከዚያ ወዲህ

የምንጃሩ ልጅ በግንቦት 1894 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ውል መተማን እንዴት እንደከፈላት ማውራት ይፈልጋል። ትልቅ ርዕስ ነው፤ እዚህ አይበቃም። አስተዳዳሪው ለብቻው ክፈተው ብሎታል። እዚያ የምትሄዱ ሰዎች ስለ ዘንድሮው የሰሊጥ ዋጋ እየጠየቃችሁ ልጁን እንዳታሰለቹት፤ ከወዲሁ ሦስት ሰው ጠይቆታል።